የሰማንያ ሰባት ኪሎ ሜትሩ ዳኛ

ወይራ አምባ ከተማ፣ ለእሁዱ ጨዋታ የዳኞች መልበሻ ተብላ በተሰጠች የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፤ የመሃል ዳኛው ሲራክ የታኬታውን ክር ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቶ ያስራል፤ ክሩስ ምንም አልሆነ፣ ረዳት ዳኛዋ ዘውድነሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ፊቱ ስለተገተረች ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ ነው እንጂ።

ዘውድነሽ፦ ፊርማ ነው ያልኩህ እኮ ጋሼ ሲራክ፤ ኩላሊትህን ስጠኝ አላልኩም!

ሲራክ፦ ከጨዋታው በኋላ አልኩሽ አይደል?

ዘውድነሽ፦ ከጨዋታው በኋላ ምን ይሠራልኛል? ኮሚቴው የሚሰበሰበው እኛ ሜዳ ውስጥ ስንሮጥ ነው። ጋሽ ደምሰው «ፊሽካ ሳይነፋ እጄ ካልገባ የለሁበትም» ብለዋል።

ሲራክ፦ ሰውዬው ዳኛ ሲመድቡ ደህና ነበሩ፤ ወረቀት ሲያዩ ምን ያደርጋቸዋል?

ዘውድነሽ፦ እሳቸውን ተዋቸው። እሳቸው ይመድባሉ፣ አበሉን ይከፍላሉ፣ ኮሚቴው ያዘዘውን ነው የሚያደርጉት። «የአምስት ዳኛ ፊርማ ይዘሽ ነይ፣ እኔ ራሴ ስብሰባው ላይ አነብልሻለሁ» አሉኝ። አራት አለኝ። አንተ አምስተኛ ነህ።

ሲራክ፦ ሌላ ሰው ጠፋ?

ዘውድነሽ፦ ሌላ ሰው ሞልቷል! ግን ሁሉም ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? «ሲራክ ፈርሟል ወይ?» ነው የሚሉኝ። «በርቀት ጉዳይ ከሱ በላይ ማን አለ? እሱ ከፈረመ አለቀ።»

ሲራክ፦ ምን ይላል ወረቀቱ?

ዘውድነሽ፦ አንብበዋ፣ ይኸው።

ሲራክ፦ መነጽሬን አልያዝኩም።

ዘውድነሽ፦ መነጽር? አንተ? ባለፈው ሳምንት ከመሃል ሜዳ ሆነህ የበረኛው ጓንት መቀደዱን ያየህ ሰውዬ?

ሲራክ፦ የሩቁ ነው የሚታየኝ። የቅርቡ አይታየኝም። አንቺው አንብቢልኝ።

ዘውድነሽ፦ እሺ ስማ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የዞኑ አማተር የእግር ኳስ ዳኞች፣ የመጓጓዣ አበል የሚከፈለን በድሮ ልኬት በመሆኑ ጉዳት እየደረሰብን ስለሆነ፣ ከየመኖሪያችን እስከ ሜዳው ያለው የሁላችንም ርቀት እንደ አዲስ ተለክቶ...»

ሲራክ፦ ቆይ ቆይ። «የሁላችንም» ያልሽው ለምንድነው? ችግሩ ያለው አንቺ ጋ አይደል? የአንቺን ብቻ አትጽፊም?

ዘውድነሽ፦ የእኔን ብቻ ብጽፍ ማን ይሰማኛል? ደግሞ ገና አልጨረስኩም። «... እያንዳንዱም ዳኛ የሚኖርበትን ቦታና ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌው አጽፎ እንዲያቀርብ በአክብሮት እንጠይቃለን።» ከታች ደግሞ ስም፣ መኖሪያ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ፊርማ ይላል።

ሲራክ፦ ይቺን የቀበሌ ነገር ማን ጨመራት?

ዘውድነሽ፦ እኔ ነኛ! ላንተ ብዬ ነው።

ሲራክ፦ ለእኔ?

ዘውድነሽ፦ አዎ! የምትመጣበት ጎርፎ መዝገቡ ላይ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው። እኔ ግን ሹፌሮቹን ጠየቅኩ። በአዲሱ መንገድ ዘጠና ሦስት ይመጣል አሉኝ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲበሉህ ኖረዋል እኮ! አንተ ደግሞ ለራስህ አፍ የለህም። የቀበሌህን ደብዳቤ ይዘህ ስትቀርብ ግን ማን ይከራከርሃል?

ሲራክ፦ ማን ነው ሹፌር ጠይቂ ያለሽ?

ዘውድነሽ፦ ምነው ተቆጣህ? ደግ ያደረግኩ መስሎኝ ነው።

ሲራክ፦ አልተቆጣሁም። ... ሸንበቆ ስንት ነው የተባለው፣ የአንቺ?

ዘውድነሽ፦ አስራ አራት። ያውም ድልድዩ ሳይፈርስ በፊት። ከአስራ አምስት በታች ከሆንክ ደግሞ የሜዳ አበልህን ብቻ ይሰጡህና «መጓጓዣ የለህም፣ ቅርብ ነህ» ይሉሃል። አሁን በላይኛው መንገድ ዞሬ ነው የምመጣው፤ አስራ ስምንት ነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም በእግር። ባጃጅ ብይዝ ደግሞ የሜዳ አበሌን ሹፌሩ ይወስደዋል፣ እኔ በነፃ ሮጬ እመለሳለሁ።

ሲራክ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?

ዘውድነሽ፦ ተናገርኩ እንጂ። አምና ተናገርኩ። ጋሽ ደምሰው ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ የመጓጓዣው ገንዘብ አንድ ቋት ነው። ከሩቅ የሚመጡት መጀመሪያ ይወስዳሉ፤ ከተረፈ ለቅርቦቹ ይደርሳል። ተርፎ ግን አያውቅም። እስቲ ሲራክን ተመልከቺ» አሉኝ። እኔም አፈርኩ። ሰው ከጎርፎ እየመጣ እኔ ስለ ሸንበቆ አፌን ከፍቼ ሳወራ!

ሲራክ፦ አፈርሽ?

ዘውድነሽ፦ እንዴት አላፍር? ፊቴን የማደርግበት ነው ያጣሁት።

ሲራክ፦ አንቺ አይደለሽም ማፈር ያለብሽ።

ዘውድነሽ፦ በል በቃ ፈርም። ... ኧረ ዳቦ ቆሎው! እማዬ ዛሬ ጨመር አድርጋ ነው የሰጠችኝ። «ለጎርፎው ልጅ ስጪው፣ ባዶ ሆዱን እንዳይሮጥ» ብላ። ያዝ።

ሲራክ፦ ዛሬ ይቅርብኝ።

ዘውድነሽ፦ እንዴት ይቅርብኝ? ሁልጊዜ ጨርሰህ አይደል ጨርቁን የምትመልስልኝ?

ሲራክ፦ ይቅርብኝ አልኩሽ እኮ!

ዘውድነሽ፦ ኧረ በስመአብ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው? ታመሃል?

ሲራክ፦ አልታመምኩም።

ዘውድነሽ፦ ግንባርህን ላብ አጥምቆታል። ገና አልሮጥክም።

ሲራክ፦ ክፍሉ ይሞቃል።

ዘውድነሽ፦ እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ለእማዬ ምያለሁ። ይሄ ወረቀት ዛሬ ካልገባ፣ የዛሬው የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው። ባንዲራውን ለጋሽ ደምሰው አስረክቤ ሸንበቆ እገባለሁ። ሁለተኛ አታዩኝም።

ሲራክ፦ አንቺ? ዳኝነት ልትተይ?

ዘውድነሽ፦ ምን ላድርግ? ጉልበቴ አለቀ። ሰው ደግሞ ይስቅብኛል፤ «አራት ሰዓት ሄዳ፣ ተሰድባ፣ አራት ሰዓት ተመልሳ፣ ያመጣችው ሳሙና አይገዛም» ይላሉ።

ሲራክ፦ ከዞኑ አንቺን የሚያህል ረዳት የለም እኮ ዘውዴ። አንቺ ባንዲራ ስታነሺ እኔ ዞር ብዬ እንኳ አላጣራም። ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምነፋው።

ዘውድነሽ፦ ታዲያ እኔም እንደዛው ነዋ! ይሄን ወረቀት ያስጀመረኝ ማን ሆነና? አንተ ነህ።

ሲራክ፦ እኔ ምን አደረግኩ?

ዘውድነሽ፦ ረሳኸው? የፋሲካ ሰሞን፣ መናኸሪያው ውስጥ። እኔ በዚያ በኩል አቋርጬ ስመጣ አንተን አየሁህ፤ የዳኛ ቱታህን ለብሰህ፣ ቦርሳህን አንግተህ፣ መሬት ላይ ጎንበስ ብለህ። «ምን ጠፋህ?» ስልህ «ትኬቴ» አልከኝ። ትኬት ካላሳየህ አይከፍሉህማ! እኔም አብሬህ ተንበረከክኩ። ከሙዝ ልጣጭና ከምራቅ መሃል ስንዳብስ ሕዝቡ ከቦ ያየናል። ከዛ አገኘሁልህ! «ይኸው፣ ከጎርፎ ይላል፣ የዛሬ ነው!» ብዬ ስሰጥህ ዐይንህ እንባ ሞላ። አንጀቴን ነው የበላኸው። ይሄን የሚያህል ሰው ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት እንዲህ ይዋረዳል ብዬ ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ሲራክ፦ እንባ አልነበረም። አቧራ ነው።

ዘውድነሽ፦ እንባ ነበር።

ሲራክ፦ ዘውዴ፣ እስቲ ቁጭ በይ።

ዘውድነሽ፦ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን፣ ምን ቁጭ...

ሲራክ፦ ቁጭ በይ አልኩሽ። ቆመሽ ልነግርሽ አልችልም።

ዘውድነሽ፦ እሺ፣ ተቀመጥኩ። ምንድነው?

ሲራክ፦ ያ ትኬት የእኔ አልነበረም።

ዘውድነሽ፦ የሌላ ሰው ነው ያነሳሁልህ? ውይ! ያንተስ ታዲያ ሳይገኝ ቀረ?

ሲራክ፦ የእኔ የሚባል አልነበረም።

ዘውድነሽ፦ የመኪናው ረዳት ሳይቆርጥልህ ነው የተሳፈርከው?

ሲራክ፦ አልተሳፈርኩም።

ዘውድነሽ፦ በምን መጣህ ታዲያ?

ሲራክ፦ በእግሬ።

ዘውድነሽ፦ ከጎርፎ?!

ሲራክ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ።

ዘውድነሽ፦ ... አልገባኝም።

ሲራክ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው የምኖረው። ሰማያዊ በር ያለው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ። መሥሪያ ቤቴ ወደዚህ አዛውሮኛል። ጎርፎ ያለው የወንድሜ ቤት ነው፤ ለበዓል ነው የምሄደው።

ዘውድነሽ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሲራክ፦ ቆይቷል።

ዘውድነሽ፦ ከመቼ ጀምሮ አልኩህ።

ሲራክ፦ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ዘውድነሽ፦ እየቀለድክ ነው አይደል?

ሲራክ፦ ቀልድ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ዘውድነሽ፦ ያ ሁሉ አቧራስ? ጫማህ ላይ የማየው? እግርህን ታጠብ ብዬ ስንቴ ውሃ በሃይላንድ ያቀበልኩህ!

ሲራክ፦ እሱን አታንሺብኝ።

ዘውድነሽ፦ ከየት መጣ ነው የምልህ!

ሲራክ፦ የጎርፎ መኪና ሲገባ ጠብቄ፣ ከተሳፋሪው ጋር ተቀላቅዬ ነው ከመናኸሪያ የምወጣው። ከመውጣቴ በፊት አቧራው ውስጥ ሁለት ሦስቴ እረግጣለሁ። ሰው ሳያየኝ። ትኬት ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ይጥላል፣ እለቅማለሁ። በቃ፣ ይሄ ነው። ይሄን የሚሠራ ሰው ነው መሃል ሜዳ ቆሞ «እጅህ ነክቷል» ብሎ ልጆች የሚቀጣው።

ዘውድነሽ፦ ሰው አያይህም እንዴ? ከተማ ውስጥ እየኖርክ?

ሲራክ፦ ያየኛል እንጂ! ቅዳሜ ገበያ ያየኝ ሁሉ «ከዋዜማው ገባህ? አቤት ትጋት!» ይለኛል። እኔም አዎ እላለሁ።

ዘውድነሽ፦ ቸግሮህ ነው?

ሲራክ፦ ቸግሮኝ ነው ብልሽ ይቀለኝ ነበር። አልቸገረኝም። ደሞዝ አለኝ፣ ልጅ የለኝ። በመጀመሪያው ብር ቴሌቪዥን ነው የገዛሁበት።

ዘውድነሽ፦ ታዲያ ለምን?

ሲራክ፦ እንደተዛወርኩ ያለው የመጀመሪያው ስብሰባ ትዝ ይልሻል? አንቺ ገና አዲስ ነበርሽ። ልነግራቸው ነበር የገባሁት፤ በመድኃኔዓለም ልነግራቸው ነበር። ጋሽ ደምሰው ከመቀመጫቸው ተነሡና «ይሄን ሰው እዩት! ሰማንያ ሰባት ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፤ እናንተ ከጎረቤት ሆናችሁ ታረፍዳላችሁ» አሉ። ተጨበጨበልኝ። በሕይወቴ ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም ዘውዴ። ዳኛ ነኝ፤ ድንጋይ ነው የሚወረወርልኝ። የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። ለሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለሚቀጥለው ደግሞ ያለፈውን ምን ብዬ ልንገራቸው? እያለ እያለ እዚህ ደረሰ። ብሩን ከመውሰዱ ይልቅ «ከሩቅ የመጣው» መባሉ ነው የጣመኝ።

ዘውድነሽ፦ እኔም ያን ቀን አጨብጭቤያለሁ።

ሲራክ፦ አውቃለሁ።

ዘውድነሽ፦ ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው? የጨዋታ ቀን።

ሲራክ፦ ተይው በናትሽ።

ዘውድነሽ፦ ንገረኝ።

ሲራክ፦ ሁለት ሰዓት።

ዘውድነሽ፦ እኔ ሌሊት አስር ሰዓት ነው የምነሳው። እማዬ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬስ ይቅርብሽ» ስትለኝ አፏን የማስይዛት በምን መሰለህ? «ሲራክ ከጎርፎ ይመጣ የለ» እያልኩ ነው። አቀበቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እንኳ አንተን ነው የማስበው። አሁን እሱ መኪናው ውስጥ ታጭቆ፣ እግሩ ደንዝዞ፣ አቧራ እየጠጣ ይሆናል እልና አፍሬ እቀጥላለሁ። አንተ ግን ተኝተሃል!

ሲራክ፦ ምቺኝ። በቃ ምቺኝና ይውጣልሽ።

ዘውድነሽ፦ መትቼህ ምን ላገኝ? ... የእኔን መጓጓዣ ነው የወሰድከው አይደል? ቋቱ አንድ ነው ብለውኛል።

ሲራክ፦ የአንቺን ነው። የሌሎቹንም ነው፣ የአንቺን ግን አሁን ነው ያወቅኩት። ቋቱ አንድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ... ዋሸሁሽ። አውቅ ነበር። ላለማወቅ ነው የታገልኩት።

ዘውድነሽ፦ መሬት ላይ ያንበረከከኝ ላንተ ማዘኔ ነው እኮ። ሰው ሁሉ እያየኝ።

ሲራክ፦ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ዘውድነሽ፦ አልዋጠችህም።

ሲራክ፦ አልዋጠችኝም።

ዘውድነሽ፦ እና ምን ይሁን?

ሲራክ፦ አንድ ነገር አስቤያለሁ። መኖሪያ በሚለው ላይ ወይራ አምባ ብዬ ልጻፍ። «ከመቼ ጀምሮ» የሚለው ላይ «ከዚህ ወር» ብል... ቤት የቀየርኩ ነው የሚመስለው። ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ አልወስድም፣ ገንዘቡ ይለቀቃል፣ ለሸንበቆ ይደርሳል። ያለፈውን ማን ያየዋል? የቀበሌ ደብዳቤ የምትለዋን ብቻ ሰርዣት።

ዘውድነሽ፦ አስበህበታል ለካ።

ሲራክ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ምን አስቤ አውቃለሁ?

ዘውድነሽ፦ ... እሺ። እንደዛ አድርግ። ሰርዤልሃለሁ፣ ይኸው።

ሲራክ፦ ሰረዝሻት?

ዘውድነሽ፦ ሰረዝኳት። ለማንም አልናገርም። ለእማዬም አልነግራትም፤ ብነግራት ታለቅሳለች። እኔ መጓጓዣዬን ካገኘሁ አላቆምም። አንተም አትዋረድም። ጻፍ፣ ጊዜ የለንም።

ሲራክ፦ ትጠይኛለሽ?

ዘውድነሽ፦ አላውቅም። አሁን ጨዋታ አለብን። ብቻ ባንዲራ ሳነሳ እንደ ድሮው እየኝ። አፍረህ ፊትህን ብታዞር ተመልካቹ ሁሉ ያውቅብናል።

ሲራክ፦ «ያውቅብናል» አልሽ።

ዘውድነሽ፦ ምን ልበል ታዲያ? ሰርዤልህ የለ? ከእንግዲህ እኔም አለሁበት።

ሲራክ፦ አንቺ ምንም የለሽበትም!

ዘውድነሽ፦ ኧረ አትጩህ! ሲራክ፣ ቡድኖቹ ተሰልፈዋል። ጋሽ ደምሰው በር ላይ እጃቸውን እያወዛወዙልኝ ነው።

ሲራክ፦ «ሁለት ዓመት» ብዬ ብጽፍ ምን ያደርጉኛል?

ዘውድነሽ፦ ምን ያደርጉሃል? ፊሽካህን ይቀሙሃላ። ዛሬውኑ፣ እዚሁ። የበላኸውንም መልስ ይሉሃል። ስምህም በየሜዳው ይወራል፤ ሕፃን ሁሉ «ትኬት ለቃሚው» እያለ ነው የሚከተልህ።

ሲራክ፦ የዛሬውንስ ማን ያጫውታል?

ዘውድነሽ፦ አራተኛው ዳኛ አለ አይደል፤ ፊሽካ ሲያይ ምራቁን ነው የሚውጠው። ግን ለምን ትጠይቀኛለህ? ተስማምተናል እኮ! «ከዚህ ወር» በልና ፈርም፣ እኔ እንኳ ፈቅጄልሃለሁ።

ሲራክ፦ አዎ፣ ፈቀድሽልኝ። ስድብሽን እችለው ነበር፤ ይሄን ግን አልችለውም።

ዘውድነሽ፦ ጋሼ ሲራክ፣ እየጠሩኝ ነው! ጻፍከው?

ሲራክ፦ ጻፍኩት። «ወይራ አምባ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።» በይ ሮጠሽ ስጫቸው፤ ፈሪ ነኝ፣ ከቆየሽ እሰርዘዋለሁ።